ሶዲየም ቸር ነውን?

በማኅበራችን የሳይንስ ምሽት የተደረገ ንግግር



የማኅበራችን ሊቀ መንበር ስለ ኬሚስትሪ እንድንናገር ሲጋብዘን፣ የሕግና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ስለሚገኙ ቀመር እንዳናበዛ አስጠንቅቆናል። ምክሩን ተቀብለናል፤ ይሁን እንጂ ቁጥር ፈጽሞ ሳንጠራ ለመናገር አልቻልንምና በዚህ በኩል ይቅርታችሁን እንለምናለን። የመረጥነው ነገር በየቤታችሁ ያለው ጨው ነው። የጨው ነገር ከተነሣ ደግሞ አቶምን ከአቶም ጋር የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ ሳይነገር አይታለፍም። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው አንድ ታሪክ አለ። ሶዲየም በውጭኛው ምሕዋሩ አንዲት ኤሌክትሮን አለችው፤ ክሎሪን ሰባት አሉት። ሶዲየም ያችን አንዲቱን ይሰጣል፤ ክሎሪንም ይቀበላል፤ ሁለቱም ስምንት ሞልቶላቸው በሰላም ይኖራሉ። ይህ አዮናዊ ትስስር ይባላል። ሁለት ክሎሪኖች ሲገናኙ ግን አንዱም ለመስጠት ፈቃደኛ ስላልሆነ እኩል አዋጥተው በጋራ ይይዛሉ፤ ይህም ኮቫለንታዊ ትስስር ይባላል። ከዚያ በኋላ ብረት አስተኔ ከኢብረት አስተኔ ጋር ከሆነ አዮናዊ፣ ኢብረት አስተኔ ከኢብረት አስተኔ ጋር ከሆነ ኮቫለንታዊ ብለን እንጽፍና ፈተናውን እናልፋለን።

ታሪኩ ለጀማሪ ያገለግላል፤ እኛም አንንቀውም። ነገር ግን ሶዲየምን ቸር፣ ክሎሪንን ስስታም አድርጎ ያቀርብልናል። ሶዲየም ቸር አለመሆኑን ግን ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። በጋዝ መልክ ካለ አንድ ሞል ሶዲየም፣ ማለት ከ23 ግራም፣ ከእያንዳንዱ አቶም አንዳንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ጉልበት መክፈል ያስፈልጋል። መንጠቅ ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ ይህን ያህል የሚያስከፍል ነገር ስጦታ ሊባል አይችልም። አንድ ሞል የክሎሪን አቶም እነዚያን ኤሌክትሮኖች ሲቀበል የሚመልሰው ደግሞ 349 ኪሎጁል ነው። ሂሳቡ በዚህ ቢዘጋ 147 ኪሎጁል ኪሳራ ይሆናል። ይህም ጠጣሩን ሶዲየም ወደ ጋዝ ለመለወጥና የክሎሪንን ሞለኪውል ለሁለት ለመክፈል የሚወጣውን ሳንቆጥር ነው። በመርካቶ እንዲህ ያለ ንግድ ይዞ የሚሰነብት ነጋዴ የለም። ታዲያ ጨው እንዴት ሊኖር ቻለ?

መልሱ ከሁለቱ አቶሞች መካከል ሳይሆን ከመንደሩ በሙሉ ይገኛል። ኤሌክትሮኗን የተነጠቀው ሶዲየም ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ክሎሪን ኔጋቲቭ አዮን ሆኖ ይቀራል። እነዚህ አዮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ለብቻቸው አይቀመጡም። በጨው ክሪስታል ውስጥ አንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ ይከበባል፤ ከእነርሱ ራቅ ብለው 12 ሶዲየሞች አሉ፤ ከእነርሱም አልፈው ስምንት ክሎራይዶች አሉ፤ እንዲህ እያለ እስከ ክሪስታሉ ጠርዝ ድረስ ይቀጥላል። የሚሳሳቡት ወገኖች ሁልጊዜ ቅርብ፣ የሚገፋፉት አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ የመሳሳቡ ድምር ያይላል። በጋዝ መልክ ያሉት አዮኖች ተሰብስበው በዚህ አኳኋን ሲሰለፉ በአንድ ሞል 787 ኪሎጁል ይወጣል። ዕዳው ሁሉ የሚከፈለውና ትርፉም የሚገኘው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጨውን ያቆመው የሶዲየም ደግነት ሳይሆን የአሰላለፉ ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ይኸውም በጨው ድንጋይ ውስጥ የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪውል የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ይህ ሶዲየም የዚያኛው ክሎሪን ባለቤት ነው ብሎ ለመናገር አይቻልም፤ ለስድስቱም እኩል ጎረቤት ነው። ኤን ኤ ሲ ኤል ብለን ስንጽፍ የምንጽፈው የአንድ ለአንድ ድርሻቸውን ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ ያሳየው ወጣቱ እንግሊዛዊ ሎሬንስ ብራግ በ1913 ዓመት በኤክስሬይ ነው፤ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአባቱ ጋር የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው ገና 25 ነበር። ነገሩን ግን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ሄንሪ አርምስትሮንግ የተባለው የታወቀ የእንግሊዝ ኬሚስት በ1927 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በቁጣ ጽፏል፤ ምስኪኑን ጨው እንደ ሰንጠረዥ ሰሌዳ በጥቁርና በነጭ አሰለፋችሁት፣ ሞለኪውሉንም አጠፋችሁት የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ነበር። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ትምህርት በአንድ ፎቶግራፍ ሲፈርስ መቆጣቱን አንፈርድበትም። ሰሌዳው ግን እውነተኛ ነበር።

የአሰላለፉን ነገር በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው ኤክስሬይ አያስፈልገውም። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአሳሌ ሜዳ ላይ፣ ጨው ቆራጮች ንጣፉን በረጅም እንጨት ፈንቅለው እያነሡ በመጥረቢያ ያበጁታል፤ ለዘመናትም በግመል ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ሲወጣ ኖሯል። አሞሌው እንደ ገንዘብ ያገለገለውም ይኸው ነው። ንጣፉ በሰፊው የሚላቀቀው ውሃው እየደረቀ በየጊዜው ባነጠፈው ድርብርብ ላይ ነውና ይህ የአዮኖቹ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከዚያው ውስጥ አንድ ጥርት ያለ ክሪስታል መርጣችሁ በመዶሻ ብትመቱት ወደ ትናንሽ ማዕዘናማ ኩቦች ይሰነጠቃል። ምክንያቱም አንዱ ረድፍ በአንድ እርምጃ ሲንሸራተት ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቩ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ተገፋፍተው ይለያያሉ። መዳብ ሲመታ ይዘረጋል፤ ጨው ሲመታ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሁለተኛው ትስስር እንለፍ። በ1916 ዓመት በጀርመን ዋልተር ኮሰል የአዮኖችን ነገር ሲያብራራ፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ጊልበርት ሉዊስ ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮንን በጋራ እንደሚይዙ ጻፈ። ኮቫለንት የሚለውን ቃል ያወጣው ደግሞ በ1919 ኧርቪንግ ላንግሚዩር ነው። ሉዊስ የኖቤል ሽልማት ሳያገኝ በ1946 ሞቷል፤ ይህን እንደ ግፍ የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን።

በጋራ መያዝ ሲባል እንደ ማኅበር ጽዋ ተራ በተራ የሚዞር ነገር ሊመስለን ይችላል። ጥንዱ ኤሌክትሮን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሁለቱ ኒውክለሶች መካከል ነው፤ ኔጋቲቭ በመሆኑም ሁለቱን ፖዘቲቭ ኒውክለሶች ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ማሰሪያ የተወሰነ አቅጣጫ አለው። አዮን በዙሪያው ያለውን ሁሉ በማንኛውም በኩል ይስባል፤ ኮቫለንታዊ ትስስር ግን ከዚህ አቶም ወደዚያኛው አቶም የተዘረጋ ነው። በውሃ ሞለኪውል ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ከኦክስጅኑ ጋር 104.5 ዲግሪ ማዕዘን ሠርተው የሚቀመጡት፣ ቀጥ ብለው የማይሰለፉት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በጓደኞቻችን ዘንድ በብዛት የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ጨው በ801 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ውሃ ግን ቶሎ ስለሚፈላ፣ ኮቫለንታዊ ትስስር ደካማ ነው ይባላል። ይህ ፈጽሞ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ድስቱን ጥዳችሁ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ አንድም ሃይድሮጅን ከኦክስጅኑ አልተለየም። ተንኖ የሚወጣው ያው ውሃ ነው። የተለያዩት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው፤ ለዚህ በአንድ ሞል 41 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ለመለየት ግን ለእያንዳንዱ ትስስር 463 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ማሰሪያ ጠንካራ ነው፤ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ላላ ያለ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ስለ ስኳርም፣ ስለ ቅቤም፣ ስለ አልኮልም የሚናገረው ይዛባበታል።

አባቶቻችን ጨውን፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይሉታል። ተረቱ ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም የኬሚስትሪ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ጨውና የባልጩት ድንጋይ ሁለቱም ጠጣር፣ ሁለቱም በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጡ ናቸው። አንዱ ምላስ ላይ ሲደርስ የሚሟሟው፣ ሌላው ለዘላለም ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው ለምንድን ነው? ባልጩት በአብዛኛው ሲሊከንና ኦክስጅን ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊከን ከአራት ኦክስጅኖች ጋር፣ በይበልጥ ኮቫለንታዊ በሆነ ትስስር፣ እንደ መረብ ተያይዟል። ውሃ ይህን መረብ ፈትቶ የሚወስደው ነፃ አዮን አያገኝም። በጨው ላይ ግን የውሃ ሞለኪውሎች በኦክስጅናቸው በኩል ሶዲየሙን፣ በሃይድሮጅናቸው በኩል ክሎራይዱን እየከበቡ አንድ በአንድ ይወስዱታል። ያ 787 ኪሎጁል የተባለው ትልቅ ዕዳ በዚህ መክበብ ከሞላ ጎደል ይከፈላል፤ የሚጎድለው 4 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨው ሲሟሟ ውሃው በጥቂቱ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ቢሞቅም ባይሞቅም የሚሟሟው መጠን ብዙ አይለያይም፤ በ100 ሚሊሊትር ውሃ 36 ግራም አካባቢ ነው።

አሁን ከአንዳንድ መምህሮቻችን ጋር የማንስማማበትን ነገር በአክብሮት እናነሣለን። ብረት አስተኔ ሲደመር ኢብረት አስተኔ ይሆናል አዮናዊ የሚለው ሕግ እንደ ሕግ መሰጠቱ ይጎዳናል እንላለን። ቲታኒየም ብረት አስተኔ ነው፤ ክሎሪን ኢብረት አስተኔ ነው፤ ቲታኒየም ቴትራክሎራይድ ግን በ136 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። የአሉሚኒየም ክሎራይድም በ180 ዲግሪ አካባቢ ሳይቀልጥ ይተናል፤ በእንፋሎቱም ውስጥ ሁለት አሉሚኒየምና ስድስት ክሎሪን ያለው ሞለኪውል ይገኛል። በተቃራኒው አሞኒየም ክሎራይድ አንድም ብረት አስተኔ ሳይኖረው አዮናዊ ጨው ነው። ላይነስ ፖውሊንግ በ1932 አቶሞች ኤሌክትሮን የመሳብ አቅማቸውን በቁጥር አስቀምጦ፣ በሁለቱ ትስስሮች መካከል ግድግዳ ሳይሆን ተዳፋት መኖሩን አሳይቷል። ሶዲየም 0.93፣ ክሎሪን 3.16 ነው፤ ልዩነታቸው 2.23 በመሆኑ ወደ አዮናዊው ጫፍ ይጠጋል። አሉሚኒየም ከክሎሪን ጋር ያለው ልዩነት 1.55 ነው፤ ትንሹና ሦስት እጥፍ ፖዘቲቭ የሆነው አሉሚኒየም የክሎሪንን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ እየጎተተ ወደ መጋራቱ ያደላል። ይሁንና ይህንም ቁጥር ከ1.7 በላይ እና ከ1.7 በታች እያልን እንደ ቀረጥ ደንብ ብናደርገው ተመልሰን እዚያው ነን፤ ሃይድሮጅንና ፍሎሪን ልዩነታቸው 1.78 ሆኖ ሳለ ውህዳቸው በ20 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ የሞለኪውል ውህድ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን በጨው ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ አዮዲን ያለው ጨው ይላል።

የሰው አንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ካጣ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። እንቅርቱ የሚታየው ጉዳት ነው፤ የማይታየው ይብሳል፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካነሣት የሕፃኑ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም ለአንድ ሰው ከ18 ዓመት በላይ ይበቃል ማለት ነው። ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር ይህችን ታህል እንኳ ስለማያበረክት በጨው ውስጥ መጨመር አስፈለገ። በአገራችን ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የአፍዴራ ጨው ዋናው ምንጭ ሆነ፤ ለሰው ምግብ የሚሸጠው ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብም በ2011 ወጥቷል።

ነገር ግን አዮዲን ይጨመር ሲባል የትኛው አዮዲን? ንጹሑ አዮዲን ሁለት ሁለት አቶም በኮቫለንታዊ ትስስር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ላላ ብለው ስለተያያዙ ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ሐምራዊ ጢስ ሆኖ ይተናል፤ ደግሞም መርዝ ነው። ፖታሲየም አዮዳይድ አዮናዊ ነው፤ አይተንም፤ ሆኖም ርጥበትና ቆሻሻ ባለበት ጨው ውስጥ የአየሩ ኦክስጅን የአዮዳይዱን ኤሌክትሮን ይነጥቀውና ወደዚያው ወደሚተነው ሞለኪውል ይመልሰዋል። ጨው በጆንያ ተጭኖ ከበረሃ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ በሱቅ በር ላይ በተከፈተ ጆንያ ሲሸጥ፣ አዮዲኑ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የተመረጠው ፖታሲየም አዮዴት ነው። በዚህኛው አዮዲኑ ከሦስት ኦክስጅኖች ጋር በኮቫለንታዊ ትስስር ታስሯል፤ አራቱ በአንድነት ኔጋቲቭ አዮን ሆነው ከፖታሲየሙ ጋር በአዮናዊ ትስስር ተቀምጠዋል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ፖታሲየሙ ይለያል፤ አዮዴቱ ግን ሳይፈርስ ይሟሟል። ይህ ውህድ አዮናዊ ነው ወይስ ኮቫለንታዊ ተብሎ በፈተና ቢመጣ ምን ይመለሳል? ሁለቱም ነው፤ የሚጠቅመንም ሁለቱም በመሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ያስደንቃል። በሰውነት ውስጥ አዮዴቱ ኦክስጅኖቹን አጥቶ አዮዳይድ ይሆናል፤ ብቸኛ አዮን ሆኖ በደም ውስጥ ይዞርና የታይሮይድ ዕጢ ይለቅመዋል። ዕጢው ደግሞ መልሶ ከካርቦን ጋር በኮቫለንታዊ ትስስር ያስረዋል፤ ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞን አራት እንዲህ የታሰሩ አዮዲኖች አሉት። በአዮንነቱ ቢቀር ሆርሞን ሊሆን አይችልም ነበር፤ በአዮዴትነቱ ባይሆን ኖሮ ደግሞ ከአፍዴራ እስከ ደብረ ብርሃን ሳይተን አይደርስም ነበር።

በአጭሩ ስለ ፍሎሪንም እንጨምር። የማያጣብቀው መጥበሻ የተቀባው ቴፍሎን ከካርቦንና ከፍሎሪን የተሠራ ነው፤ ፍሎሪኑ ከካርቦኑ ጋር በብርቱ ኮቫለንታዊ ትስስር የታሰረ ስለሆነ ፍርፋሪው ቢዋጥ እንኳ ፍሎራይድ ሳይሰጥ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ግን ነፃ አዮን ነው፤ የወንጂንና የዝዋይን አካባቢ ሕዝብ ጥርስ ያበለዘው፣ የአንዳንዱንም አጥንት ያጎበጠው እርሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በውሃው ውስጥ ብዙ ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ ካልሲየም ፍሎራይድ በሊትር 16 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው። የዚያ አገር ውሃ ግን ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ውሃውን አፍልተን እንጠጣለን የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አዮን አያተንምና፣ ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር የቀረው ፍሎራይድ ይጠነክራል። የከብት አጥንት ከሰል ግን ይይዘዋል፤ በአጥንቱ ካልሲየም ፎስፌት ውስጥ የነበረውን ሃይድሮክሳይድ አስወጥቶ ፍሎራይዱ በቦታው ይገባልና።

እንግዲህ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናቆምና ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። በማስታወቂያው እንደለመናችሁ ከየቤታችሁ ጥቂት ጨው በወረቀት ጠቅልላችሁ መጥታችኋል። በዚያ ብልቃጥ ውስጥ የድንች ስታርች ውሃ፣ በዚህኛው ፖታሲየም አዮዳይድ፣ በጽዋው ደግሞ የሎሚ ጭማቂ አለ። ከሦስቱም ጥቂት ጠብታ በጨዉ ላይ ስትጨምሩ፣ ጨዉ ውስጥ አዮዴት ካለ አንዱ አዮዴት ከአምስት አዮዳይድ ጋር በአሲዱ ረዳትነት ተዋህዶ ሦስት የአዮዲን ሞለኪውል ይሰጣል፤ ስታርቹም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ሳይለወጥ ለቀረበት ሰው ጨዉን የገዛበትን ሰፈርና ጨዉ በጆንያ ይሁን በታሸገ ከረጢት የተሸጠ መሆኑን በተዘጋጀው ወረቀት ላይ እንዲጽፍልን እንለምናለን፤ ዝርዝሩን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ተራ ጠብቁ፤ ሎሚው ትንሽ ነው።